ቁንጫ ነጭ ሽንኩርት አይፈራም

የምሠራው አዲስ አበባ፣ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ነው። ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል የሚያሳክከው ውሻ ይበዛብናል። ጌታው ሲጾም ውሻውም ሳይወድ በግዱ ይጾማላ! የሥጋ ትራፊ ይቀርና ሽሮ የነካው እንጀራ ይቀርብለታል። ፀጉሩ ይደርቃል፣ ቆዳው ይፈረፈራል።

ቦቢንም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ጭራው ሥር ፀጉሩ ሳስቶ ቆዳው ቀልቷል። ያመጡት ግን ለዚያ አልነበረም። ምግብ እምቢ ብሏል፤ ትንሽ ሲራመድ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

ባለቤቱ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። የግቢያቸው ጥበቃ ውሻውን አቅፈው ተከትለዋቸው ገቡ።

«ምን ይበላል ማዘር?»

«ጥሩ ጥሩውን ነዋ ዶክተር፤ ከእኛ ምን ይለያል!»

በየቀኑ የምሰማው መልስ ነው። ለሐኪም ግን ጠብ የሚል ነገር የለውም።

ከንፈሩን ገለጥ አደረግኩ። ሮዝ መሆን የነበረበት ድዱ ነጥቶ ወደ ቢጫ ያደላል። ጥበቃው በር ላይ እንደቆሙ «ሽንቱም ቡና መስሏል» ብለው ጣል አደረጉ። መዥገር የሚያስተላልፈው ባቤሲያ የሚባል የደም ጥገኛ ተሕዋስ እንዲህ ስለሚያደርግ መጀመሪያ የጠረጠርነው እሱን ነው። ደሙን በማይክሮስኮፕ ስናየው ጥገኛ ተሕዋስያኑ የሉም። ቀይ የደም ሴሎቹ ጠርዝ ላይ ግን ትንንሽ ጉብታዎች ወጥተዋል። ሄንዝ ቦዲ ይባላሉ። ውሻ ላይ እነሱን ያየ ሐኪም ቶሎ ብሎ ስለ ሽንኩርት ይጠይቃል።

ወደ ጥበቃው ዞርኩ። «አባባ፣ የሚያበላው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።» ማዘርን በጎን አየት አደረጉ። «እትዬ ለቁንጫው ፍቱን ነው ስላሉ፣ ነጭ ሽንኩርት እየወቀጥኩ ፍትፍቱ ላይ አደርግለታለሁ። ጠዋት ማታ።»

ማዘር አልካዱም። «ቁንጫው እኮ ጠፋለት!»

ባልደረባዬ ነገሩን በክርክር አላስረዘመችውም። የቦቢን ጀርባ በጥቅጥቅ ማበጠሪያ ጠረገችና የወጣውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ጥጥ ላይ አራገፈችው። እያንዳንዷ ነጠብጣብ ዙሪያዋን ቀይ ቡናማ ሆና ተዘረጋች።

«ይሄ አፈር አይደለም ማዘር። የቁንጫ ኩስ ነው፤ የተፈጨ የቦቢ ደም።»

ነጭ ሽንኩርት ቁንጫን ያባርራል የሚባለው ማስረጃ የለውም። እርሾም ለዚሁ ተብሎ ተሞክሮ አልሠራም። የሽንኩርት ዘር ሁሉ ግን የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። በዚያ ላይ ፍትፍቱ የወጥ ነው። የእኛ ወጥ ደግሞ ግማሽ ጎኑ ቀይ ሽንኩርት ነው፤ ቢበስልም ጉዳቱ አይለቅም። ትንሽ ውሻ ይህን በየቀኑ ሲበላ እየተጠራቀመ ይጥለዋል።

ምግብ ለቆዳ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ለቦቢ ማከሚያ ወረቀት ላይ ከመድኃኒቱ ይልቅ ስለ ምግቡ የጻፍኩት ይበዛል። ሥጋው ሽንኩርት ሳይገባበት ለብቻው ይቀቀልለት። እንቁላልም በስሎ። ጉበት ጥሩ ነው፤ ግን ጥሬውን በፍጹም፣ ምክንያቱም ከጥሬ ጉበትና ሳንባ ውሻው የሚወስደው የኢኪኖኮከስ ትል ዞሮ ለሰው ይተርፋል። ትንሽ የኑግ ዘይት ጠብ ይደረግለት፤ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው ቅባት ሞልቶበታል፤ ቆዳ ውኃውን የሚይዘው በእሱ ነው። ተልባም ይነሣል፣ ግን የውሻ ሰውነት የተልባን ኦሜጋ 3 ወደሚፈልገው ዓይነት የሚቀይረው በጥቂቱ ነው። ዓሣ ይሻላል፤ ተቀቅሎ፣ እሾሁ ወጥቶ።

ይህ ሁሉ ቆዳውን ያጠነክራል እንጂ ቁንጫ አይገድልም። ደግሞ ውሻው ላይ የምናየው ቁንጫ ከጠቅላላው 5 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። እንቁላሉና እጩ ምንጣፍ ውስጥ፣ ማደሪያው ላይ፣ አፈር ውስጥ ነው። አንዷ እናት ቁንጫ በቀን እስከ 40 እና 50 እንቁላል ትጥላለች። ከእጭ ወደ ቁንጫ የሚለወጠው ኩብኩባ ደግሞ ሽፋኑ ውስጥ ሆኖ ሙቀትና እንቅስቃሴ እስኪሰማው ለወራት መጠበቅ ይችላል። ስለዚህ ለውሻው በክብደቱ ልክ የቁንጫ መድኃኒት፣ ለማደሪያው የፈላ ውኃና ፀሐይ አዘዝን። የሚተኛበት ማዳበሪያ ግን ይቃጠል። ነጭ ጋዝና የሰብል መድኃኒት ቆዳው ላይ የሚያፈሱ ሰዎች ስላሉ፣ እሱንም እንዳያደርጉ አደራ አልን።

ቦቢ የሌላ ውሻ ደም መቀበል ሳያስፈልገው ተረፈ። ክሊኒኩ ተኝቶ ግሉኮስ ወሰደ፣ ደሙ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ለክትትል ሲመጣ ድዱ ሮዝ ሆኗል፤ ፀጉሩ ገና ነው፣ ያ ሳምንታት ይፈልጋል። ጥበቃው አሁን ሥጋውን የሚቀቅሉበት የራሳቸው ድስት አላቸው። ካርዳችን ላይም «የሚያበላው ማን ነው?» የሚል መስመር ጨምረናል።

ማዘር ሒሳብ ከፍለው በር ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ዶክተር፣ ለድመቷስ ልቀጥልላት?»

በሽንኩርት ድመት ከውሻም ይብስባታል። በማግስቱ በካርቶን ተይዛ መጣች።