ኮንትሮሉን አሳየኝ

የምሠራው ከቃሊቲ አልፎ ወደ ቱሉ ዲምቱ መውጫ ጋ ያለ ላብራቶሪ ውስጥ ነው፣ ስሙ ይቅር። ሥራችን የወባ ትንኝ እያረባን አዳዲስ አጎበሮች ይገድሏት እንደሆነ መፈተሽ ነው። «አዲስ አበባ ደሞ ምን ወባ አለና» የሚለኝ ሰው አይጠፋም፣ እውነቱን ነው፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፣ ብርዱ ለሷ አይሆንም። ለዛ ነው እጩን ከቆላ አምጥተን ክፍሉን በሂተር 27 ዲግሪ አካባቢ አድርገን የምናሳድጋት።

የድሮው አጎበር የሚነከረው ፓይሬትሮይድ በሚባለው የትንኝ መርዝ ብቻ ነበር፣ ትንኟ ደሞ ለመደችው፣ አንዱ ዘዴዋ ሰውነቷ ውስጥ ያለው ኢንዛይም መርዙን ቶሎ ሰባብሮ መጣሉ ነው። አሁን ክሎርፌናፒር የሚባል ሌላ መርዝ የተጨመረበት መጥቷል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 እ.ኤ.አ. ትንኟ ፓይሬትሮይድን በለመደችበት አገር በድሮው ፋንታ ይሄ ይሰቀል ብሏል። ክሎርፌናፒር ደስ የሚለኝ ነገር ምንድነው፣ እንዳለ ሲነካት ብዙም አይጎዳትም፣ ያው ኢንዛይሟ ነው ወደ መርዝ የሚቀይረው፣ ከዛ በኋላ ሴሏ ጉልበት ማምረት ያቅተዋል። ስለዚህ ወዲያው ዱብ አትልም፣ እስከ 72 ሰዓት ይጠበቃል። ደሞ ሰውነቷ ሞቆ ካልሠራ መርዙም በደንብ አይሠራም፣ ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ታኅሣሥ ውስጥ ነው፣ የሌሊቱን ብርድ ታውቁታላችሁ። ረዘም ያለ የመስታወት ሳጥን አለን፣ በአንድ ጫፍ ጊኒ ፒግ ይታሰራል፣ በሌላው ጫፍ 100 የራባቸው ሴት ትንኞች ይለቀቃሉ፣ መሃል ላይ 9 ቀዳዳ የተበሳ የአጎበር ቁራጭ ይወጠራል። ማታ 12 ሰዓት ለቀህ ጠዋት 3 ሰዓት ትሰበስባለህ። አጠገቡ ኬሚካል የሌለው አጎበር ያለበት ሌላ ሳጥን ይቀመጣል፣ ኮንትሮል የምንለው እሱ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሲቆጠር ክሎርፌናፒር ያለው አጎበር ከነበረበት ሳጥን የመጡት አብዛኞቹ ትንኞች በሕይወት አሉ። ቆጠራውን የያዘው አዲሱ ልጅ «በቃ ይሄንንም ለመደችው» ብሎ ሪፖርቱን ጻፈ፣ አለቃችን ስብሰባ ነበረበትና ከፋይሉ ጋር በኢሜይል ሊልከው ተቻኩሏል። ሁላችንም አመንን፣ ቀኑን ሙሉ ስለ መላመድ ስናወራ ስለምንውል ነው መሰለኝ ማንም አልተጠራጠረም።

ዶክተራችን ግን አይታ ዝም አለችና «ኮንትሮሉን አሳየኝ» አለችው። የኮንትሮሉ ትንኞች ከተሰበሰቡ በኋላ የተቀመጡበትን የወረቀት ኩባያ አመጣላት። ደም የጠጣች ትንኝ ሆዷ ቀይ ሆኖ ይነፋል፣ በቀጣዮቹ ቀናት ደሙ ጠቁሮ ብዙውን ጊዜ እንቁላል ይሞላዋል፣ እነዚህ ግን ሆዳቸው ጠፍጣፋ ነው። ከዛ የመጀመሪያውን ቀን ቅጽ አስወጣችው፣ የጠጡት እዚህ ግቡ የሚባሉ አይደሉም። «እዚህ እኮ ምንም ኬሚካል የለም፣ ቢያንስ ግማሾቹ መጠጣት ነበረባቸው፣ ለምን አልጠጡም?» መልስ የለም። «ታዲያ ይሄ ምኑ ቴስት ነው» ብላ ወጥታ በር ላይ ወዳሉት ዘበኛ ሄደች፣ እኛም ተከተልናት።

«ጋሼ፣ ያን ሌሊት መብራት ሄዶ ነበር እንዴ?»

«ምን ሄዶ ነበር ትይኛለሽ ልጄ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሄዳ ሊነጋጋ ሲል ነው የመጣችው። ጄኔሬተሩን ላስነሳ ብል ናፍጣ የለውም።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩን?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሂተሩ ሌሊቱን ጠፍቶ ነው ያደረው ማለት ነው፣ ትንኞቹ በብርድ ኩርምት ብለው ወደ ጊኒ ፒጉም ወደ አጎበሩም አልሄዱም፣ የነካችውም ብትኖር ሰውነቷ ቀዝቅዟል። ጠዋት ስንገባ ደሞ ክፍሉ ሞቋል፣ ማን ይጠርጥር።

ኢሜይሉ አልሄደም፣ ለጥቂት። ናፍጣ ተገዝቶ ቴስቱ እንደገና ተሠራ፣ ትንኞቹ ያው ዘር፣ ቁራጩም ከዛው አጎበር የተቆረጠ፣ በሦስተኛው ቀን አብዛኞቹ ሞተዋል፣ ኮንትሮሉም በደንብ ጠጥቶ ነበር። ያ ወረቀት ወጥቶ ቢሆን ደህናው አጎበር ስሙ ጠፍቶ ስንቱ ቆላ ላይ ያለ ሰው በድሮው ይተኛ እንደነበር ሳስበው ያናድደኛል።

አሁን በር ላይ ደብተር አለ፣ ጋሼ መብራት የሄደበትንና የመጣበትን ሰዓት ይጽፋሉ፣ ቆጠራ ከመጀመሩ በፊት እሱ ይታያል። ሙቀት በየሰዓቱ የሚመዘግብ መሣሪያም ጠይቀን ነበር፣ ፋይናንስ «ጄኔሬተር እያላችሁ ይሄ ምን ያደርጋል» ብሎ መልሶታል፣ ዶክተሯ የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስታ ከጥያቄው ጋር አያይዛ እንደገና ልካለች፣ «መብራት 7፡20 ሄደች፣ ናፍጣ የለም» የሚለውን።