ያንን ፖስታ ባልከፍተው ኖሮ

ሰሞኑን ለእረፍት ባሕር ዳር ነኝ። ከመጣሁ ገና ሳምንት ሳይሞላኝ ወንድሜ ሦስት መምህራን ቤት ይዞብኝ መጣ፤ አንዷ ባዮሎጂ፣ ሁለቱ ኬሚስትሪ። ሁሉም ወደ አሜሪካ ጉዞ የጀመሩ ናቸው። ጥያቄያቸውም አንድ ነው፦ "ዲግሪሽን ይዘሽ ሄደሽ እንዴት በአጭር ጊዜ ነርስ ሆንሽ?" ለሦስቱም ቡና ተፈልቶ፣ ለሦስቱም ያንኑ ደግሜ ካወራሁ በኋላ ወንድሜ "እትዬ፣ ጻፊውና ተገላገይ" አለኝ። ይኸው።

"በአጭር ጊዜ" የምትለዋ ነገር ታስቀኛለች። ትምህርቱ የፈጀው 16 ወር ነው። የትምህርቱ በር ላይ ለመድረስ ግን ሦስት ዓመት ለፍቻለሁ። ከሦስቱ አንዱን የበላብኝ አንድ ቡናማ ፖስታ ነው። ለፖስታው መከፈት ደግሞ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ በሌላ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው የተፋጠነ የነርሲንግ ዲግሪ የሚባል አለ። እንደ ትምህርት ቤቱ ከ11 እስከ 18 ወር ይፈጃል። የሚያጥረው ትምህርቱ ስለሚቀነስ አይደለም። ከነርሲንግ ውጪ ያለውን ጠቅላላ ትምህርት በፊተኛው ዲግሪ ጨርሰሃል ተብሎ ይታለፍልሃል፣ ነርሲንጉ ደግሞ ያለ ረጅም እረፍት ይጠቀጠቃል። ስትጨርስ እንደ ማንኛውም ተመራቂ ለፈቃድ ፈተናው፣ ለኤንክሌክስ፣ ትቀመጣለህ።

እኔ በባዮሎጂ የተመረቅሁት ሐምሌ 2003 ዓ.ም. ነው። በ2004 የሳይንስ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ ሐኪም የሚያደርገው አዲሱ የሕክምና ትምህርት ሲጀመር ጓደኞቼ ተመዘገቡ። እኔ ፈራሁና ባሕር ዳር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማሬን ቀጠልኩ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የአባቴ ሕመም ነው። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ሳስታምመው አንዲት ነርስ በየሁለት ሰዓቱ መጥታ ታገላብጠው ነበር። ጀርባው ሳይቆስል ወጣ። እኔ ስምንት ጊዜ ያህል ለተማሪ ያስተማርኩትን የቆዳና የደም ዝውውር ነገር እሷ በእጇ ስትሠራው አየሁ። ከዚያ ዲቪ ደረሰኝ።

ቪዛ፣ ትኬት፣ የእንግሊዝኛ ፈተና፦ እነዚህን ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል። አልፌያቸዋለሁ።

ወደ ፖስታው።

ቪዛዬ የተመታው መስከረም 2011 ነው። ጥር ላይ ልበር ወሰንኩ። አራት ወር ቀረኝ ማለት ነው፣ ለአንድ ትራንስክሪፕት፣ ለዩኒቨርሲቲ የውጤት ማስረጃ፣ ከበቂ በላይ። የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ከባሕር ዳር ውጪ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። መጀመሪያ ክሊራንስ አምጪ ተባልኩ። ኮስት ሼሪንጌን በማስተማር አገልግሎት ማካካሴን የሚገልጽ ደብዳቤ ማለት ነው። ሁለተኛ ስሄድ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሦስተኛ ስሄድ ፈራሚው ተገኙ፣ ማህተሙን ቆልፋ የሄደችው ልጅ ለቅሶ ላይ ናት። ደጅ ተቀምጬ ዋልኩ። አሥር ሰዓት ሲሆን መጣች። ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ መታችልኝ። እግዜር ይስጣት።

እዚህ ላይ ነው ስህተቱ። የሬጅስትራሩ ሰውዬ "በቀጥታ ወደ ውጭ ይላክ ወይስ በእጅሽ?" ሲለኝ የመላኪያውን ዋጋ ሰማሁና "በእጄ" አልኩ። "ታሽጎ እስካለ ችግር የለውም፣ እህቴ" አለ። አመንኩት። ፖስታው ቡናማ ነው። ክዳኑ ላይ ማህተሙ ግማሹ ክዳኑን፣ ግማሹ ገላውን ይዞ አርፏል። ፊርማም አለበት። በላዩ ፕላስተር ተለጥፎበታል።

በማግሥቱ ከወንድሜ ጋር ጣና ዳር ወጣን። የተጠበሰ ዓሣ አዘዝን። አንድ ሽማግሌ በደንገል ታንኳ ማገዶ ጭነው ወደ ዳር እየቀዘፉ ነበር። ፖስታው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሆዴ አልቻለም። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላይ ሲ አግኝቼ ነበር፤ በኋላ ቅሬታ አቅርቤ ወደ ቢ ተስተካክሏል ብለውኛል። ተስተካክሏል ወይስ አልተስተካከለም? ስምንት ዓመት ሊሞላ ያልጠየቅሁት ጥያቄ የዚያን ቀን ካልተመለሰ ልሞት ሆነ። ወንድሜ "ተይው" አለ። ፕላስተሩን በጥፍሬ ጀመርኩት። ማህተሙ ከሁለት ተቀደደ።

ሲ ነው። ሲ ሆኖ ቀርቷል። በዓሣው ዘይት የወዛ አውራ ጣቴ ደግሞ ልክ ሲዋ ላይ አረፈ።

ወንድሜ ማስቲሽ ገዝቶ መልሶ ለጠፈው። እናቴ ማታ አየችውና "በሊጥ ብታደርጉት ይሻል ነበር" አለች። የተለጠፈ ፖስታ የተለጠፈ ይመስላል፣ ምንም ቢያደርጉት። ያም ሆኖ ይዤው ሄድኩ።

እዚያ የሆነውን መገመት አያቅትም። ነርሲንግ ትምህርት ቤቱ የውጭ አገር ዲግሪ በራሱ አያይም። የትምህርት ማስረጃ የሚገመግም ድርጅት እያንዳንዱን ኮርስ ወደ አሜሪካ አቆጣጠር ቀይሮ ሪፖርት እንዲያወጣ ይፈልጋል። ገምጋሚው ድርጅት ደግሞ ትራንስክሪፕቱ ከሬጅስትራር በቀጥታ ካልደረሰው አይቀበልም። እኔ ባልከፍተውም፣ በማስቲሽ ባይለጠፍም፣ ከእጄ አይቀበሉኝም ነበር። ሰውዬው "ችግር የለውም" ያለኝ ይኼን ነው።

እሺ፣ ወንድሜ ሄዶ ያስልክልኝ አልኩ። ሬጅስትራሩ "ውክልና አለህ ወይ ወንድሜ?" አለው። የለውም። ውክልና ከውጭ ሲሰጥ በኤምባሲ በኩል ነው። ከዚያ ወረቀቱ አገር ቤት ይላካል፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ይረጋገጣል፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ከመሄዴ በፊት ባሕር ዳር ላይ በአንድ ጠዋት የሚያልቅ ነገር ነበር! ከጉዞዬ በፊት አበሻ ቀሚስ ለማሰፋት ብቻ አራት ቀን ተመላልሻለሁ። አንድ ሰው "ቀሚሱን ተይው፣ ውክልና ስጪ" ቢለኝ ምን ነበረበት?

ውክልናው ባሕር ዳር ሲደርስ የካቲት 2012 ሆነ። መጋቢት ላይ ኮሮና ገባና ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ። ስለዚህ ማንንም አልወቅስም። ወንድሜ ሄዶ ትራንስክሪፕቱን ያስላከው ታኅሣሥ 2013 ነው፣ በዲኤችኤል። ሲደርስ አለቀስኩ። ሁለት ሳምንት ደስ ብሎኝ ኖርኩ።

ከዚያ ከገምጋሚው ድርጅት መልእክት መጣ፦ የተመረቅሽበት ቀን ከገባሽበት ቀን ይቀድማል፣ ሰነዱ ተይዟል።

ወረቀቱ ላይ መግቢያዬ 2008 ይላል፤ በፈረንጅ። መውጫዬ 2003 ይላል፤ በእኛ። ሁለቱም ልክ ናቸው። 2001 ዓ.ም. ገባሁ፣ 2003 ዓ.ም. ወጣሁ። አንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ ግን ገና ሳልገባ አምስት ዓመት ቀድሜ የተመረቅሁ ተአምረኛ ሆንኩ።

ከምድር ቤት የተቀደደውን የድሮ ፖስታ አውጥቼ አየሁ። እዚያም አለ። ያው 2008፣ ያው 2003። ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ስከፍተው ሲዋን ብቻ ነው ያየሁት። ዓይኔን ሁለት ጣት ያህል ከፍ ባደርግ ኖሮ በማግሥቱ ተመልሼ አስተካክለው ነበር። ፖስታውን ከፍቶ ሳያነቡት ከመቅረት የባሰ ሞኝነት አላውቅም።

ወንድሜ ሄደ። "ስህተት የለውም፣ በ2003 ነው የተመረቀችው" አሉት። እውነታቸውን ነው። የጻፈው ሠራተኛ ተዛውሯል አሉት። ከትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ አምጣ አሉት። አመጣ። አንዱ ኃላፊ መፍትሔ አገኘሁ ብሎ ከ2003 ጎን በእስክሪብቶ "ኢ.ሲ."፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ለማለት፣ ብሎ ጨመረበትና ሊያሽገው ሲል ወንድሜ እጁን ያዘው። በእስክሪብቶ የተነካ ሰነድ ማን ይቀበላል? በመጨረሻ ወንድሜ ከቤታችን ግድግዳ ላይ ሁለቱንም ቀን የያዘውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ነቅሎ ይዞት ሄደ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሐምሌ የት እንደምትወድቅ አሳያቸው። "ይኼን ያህል ከለፋህማ" ብለው እንደ አዲስ አተሙለት። ሰኔ 2013 ነበር። የምፈልገው የጥር ቅበላ ካለፈ ቆይቷል። የሚቀጥለውን ጥር ጠበቅሁ፣ 2014ን።

እንግዲህ ለሦስቱ መምህራን የነገርኳቸው ይኼ ነው። የታሸገውን ከመጠየቃችሁ በፊት የተማሪ ኮፒ አውጡ። ቤት ወስዳችሁ ስማችሁን ከፓስፖርታችሁ ጋር ፊደል በፊደል፣ ቀኖቹን ሁሉ በአንድ አቆጣጠር አስተያዩ። ውጤታችሁን አትዩት፣ ታውቁታላችሁ። ከዚያ የታሸገው በቀጥታ ይላክ። ውክልናው ላይ "ከትምህርት ተቋም ማስረጃ ለማውጣትና ለማስላክ" የሚል በግልጽ ይግባ፤ ጠቅላላ ውክልና ነው ብላችሁ አትተማመኑ። ገምጋሚ ድርጅት ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት የምትገቡበትን ትምህርት ቤት የማንን ሪፖርት እንደሚቀበል ጠይቁ። የእኔ ዘመን ዲግሪ የሦስት ዓመት ስለሆነ አንዱ ሙሉ ዲግሪ ነው ሲል ሌላው ላይለው ይችላል።

ነርሲንጉ ከመጀመሩ በፊት መወሰድ ያለባቸውን ቅድመ ኮርሶች በተመለከተ ከትምህርት አማካሪዎቹ ጋር አልስማማም። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ስታቲስቲክስ፣ ሥነ ምግብ፣ የሰው እድገት ሥነ ልቦና ይጠይቃሉ። "ባዮሎጂ ስለተማርሽ አብዛኛው ይያዝልሻል" ይሉሻል። ቢያዝም እንዳትቀበዪ። ብዙ ትምህርት ቤት አምስት ወይም ሰባት ዓመት ያለፈውን የሳይንስ ኮርስ አይቆጥርም። ቢቆጥርም ያቺ የድሮ ሲ አብራ ትገባለች። እኔ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ ከስር ጀመርኩ። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ውጤቱ አዲስ ነው፣ ላቦራቶሪው ውስጥ እንግሊዝኛው ጆሮ ይገባል። ያስተማርኩትን ነገር ተማሪ ሆኜ መማር ግን ኩራት ይነካል፣ አልዋሽም።

ገንዘቡ ሌላ ነው። ዲግሪ ያለው ሰው ፔል ግራንት የሚባለውን የመንግሥት እርዳታ አያገኝም፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ነው። ብድር ነው ያለው። ልጅ ያላት፣ ቤት ኪራይ ያለባት ሴት ብትጠይቀኝ የተፋጠነውን ትታ የኮሚዩኒቲ ኮሌጁን የሁለት ዓመት ነርሲንግ እንድትይዝ ነው የምመክራት። የሚፈተኑት ያንኑ ኤንክሌክስ ነው። ቤተሰቦቼ ይኼን ስል "አንቺ ደርሰሽ ነው" ይላሉ። ይበሉ።

16ቱ ወር? የሆስፒታል ተግባር ልምምዱ በቀን 12 ሰዓት ሙሉ ይፈጃል፣ ከንጋቱ በፊት ይነሱለታል። ሥራ እንዳትሠሩ ይሏችኋል። እኔ ቅዳሜ ሌሊት የአረጋውያን ማቆያ በረዳትነት ሠርቻለሁ። የኪራዩን ነገር ተዉት፣ ሰው ማንሳትና ማገላበጥን የተማርኩት እዚያ ነው። አንድ ሽማግሌ ሳገላብጥ የአባቴ ትከሻ ትዝ አለኝና ወጥቼ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ። ፋርማኮሎጂን በ71 ነው ያለፍኩት፤ ማለፊያው 70 ነበር። ኤንክሌክሱ ላይ ደግሞ ጥያቄው እንደ ተፈታኙ ከ85 እስከ 150 ይሄዳል። የእኔ ኮምፒውተር 85 ላይ ቀጥ ሲል የወደቅሁ መስሎኝ መኪና ውስጥ ሃያ ደቂቃ ተቀምጫለሁ። አልፌ ነበር።

እናቴ አሁንም ለጎረቤት "ዶክተር ናት" ትላለች። አርሜ አርሜ ተውኩት። ወንድሜ ለዚያ ሁሉ መመላለስ ያወጣውን ትራንስፖርት ልክፈልህ ብለው አልቀበልም ብሎ እምቢ አለ። ትናንት ስልኩ ቻርጅ ላይ ሆኖ ስደውልለት ግን አየሁት። ስሜን የያዘው "ፖስታ" ብሎ ነው።