ክራሩ ለወንድ፣ ጭብጨባው ለሴት

ዛሬ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ይሰብራል። ልጄን ላመጣ ሄጄ የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ላይ ደረስኩ። ክራር የያዙት ወንዶቹ ናቸው። ሴቶቹ ከኋላ ቆመው ያጨበጭባሉ። ልጄ እጇን እጅጌዋ ውስጥ ከታ፣ አንዱ ልጅ አምባሰልን ሲቃኝ ጣቱን ጣቱን ታያለች።

መንገድ ላይ ደብተሯን ገለጥኩ። «ታዋቂ ሙዚቀኞች» ይላል። አምስት ስም፣ አምስቱም ወንድ። እንዴ! ክራር ሲባል አስናቀች ወርቁ ትረሳለች? በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን የተማሩት፣ በ2015 ዓ.ም. ያረፉት ፒያኒስት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩስ? መምህሩን አልወቅስም፣ የተሰጠውን ነው ያስተማረው። (እኔም በጊዜዬ አጨብጫቢ ነበርኩ።)

ማታ አስናቀችን ከስልኬ ከፈትኩላት። ዝም ብላ ሰማችና «እማዬ፣ እሷን ክራር ማን አስያዛት?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ነገ ገበያ ወጥቼ የክራር ዋጋ እጠይቃለሁ።