ብቻን የማይበላበት አገር

በቡድን መጓዝ አልወድም። ባንዲራ ከያዘች አስጎብኚ ኋላ ተሰልፎ መሄድ፣ ሃያ ደቂቃ ለሙዚየም፣ አስር ደቂቃ ለሽንት ቤት፣ ከዚያ ደግሞ የጠፋ ሰው ፍለጋ። ያደክመኛል። ለባስክ አገር ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። የመከረችኝ ፍራንክፈርት አብራኝ የምትሠራ ስፔናዊት ናት። «ብቻሽን ከሄድሽ አንድ ባር ጥግ ቆመሽ፣ አንድ ሳህን በልተሽ ትመለሻለሽ። ሰው ይዘሽ ሂጂ» አለችኝ። ይዤው የምሄድ ሰው አላገኘሁም። ምግብ ላይ ያተኮረ የቡድን ጉዞ ፈልጌ ተመዘገብኩ።

ከመነሳቴ በፊት ግን አንድ ነገር ማጥራት ነበረብኝ። አሳማ አልበላም። ሽሪምፕ፣ ካላማሪ፣ ቀንድ አውጣ የመሰለ ነገርም አልነካም። ስፔን ለሚሄድ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አስጎብኚያችን በስልክ «ሙስሊም ነሽ?» አለችኝ። «አይ፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ነኝ።» ትንሽ ዝም አለች። «ዓሣና የበሬ ስጋ ትበያለሽ?» እበላለሁ። «እንግዲያው አትራቢም።»

እውነቷን ነው። አልራበኝም። እንዲያውም ተመልሼ ሱሪ መግዛት ነበረብኝ።

ባስክ የሚባለው ምድር ሁለት አገር ላይ ነው የተቀመጠው። ሰፊው ክፍል ሰሜን ስፔን ውስጥ፣ ትንሹ ደግሞ ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ውስጥ ነው፤ የፒሬኒስ ተራሮች ወደ አትላንቲክ የሚወርዱበት ጥግ። አረንጓዴ ነው። ዝናብ አያጣውም። በተለይ ሲሪሚሪ የሚሉት አንድ ካፊያ አለ። መዝነቡን ሳታውቁት በስብሳችሁ ትገኛላችሁ።

መጀመሪያ ያረፍነው ሳን ሴባስቲያን ነው፤ በባስኮቹ አጠራር ዶኖስቲያ። የገባነው በጥምቀት ዕለት ነበር። ፍራንክፈርት ያሉት ጓደኞቼ ነጭ ለብሰው ፎቶ ይልኩልኛል፤ እኔ ሻንጣ እየጎተትኩ ሆቴል እፈልጋለሁ። ለካ እነሱም የራሳቸው በዓል ኖሯቸዋል። ጃንዋሪ 20 የከተማዋ ቀን ነው፤ ታምቦራዳ ይሉታል። ልክ እኩለ ሌሊት ላይ ሕገ መንግሥት አደባባይ ባንዲራ ይሰቀላል። ከዚያ ለሃያ አራት ሰዓት ከበሮ ነው። ግማሾቹ ከበሮ መቺዎች የናፖሊዮን ዘመን ወታደር ልብስ ለብሰዋል። ግማሾቹ ግን ነጭ ኮፍያና ሽርጥ ያደረጉ ምግብ አብሳዮች ናቸው! ሲተረክ፣ ወታደሮቹ ከበሮ እየመቱ ሲያልፉ ውሃ ሊቀዱ የወጡ የከተማው ሰዎች ባልዲያቸውን እየደበደቡ ያሾፉባቸው ነበር አሉ። በዓሉ ከዚያ መጣ ይባላል። አብሳይን ከወታደር እኩል የሚያሰልፍ ከተማ ምን ዓይነት እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

በማግስቱ አሮጌው ሰፈር ገባን። ባር ከባር ተጣብቆ ነው ያለው። ባንኮኒው ላይ ፒንቾ ተደርድሯል። ፒንቾ ትንሽ ጉርሻ ነው፤ ብዙ ጊዜ በስቴኪኒ የተወጋ ወይም ቁራሽ ዳቦ ላይ የተጫነ። ሥርዓቱ ቀላል ነው፦ በየባሩ አንድ ወይም ሁለት በልቶ፣ ትንሽ ጠጥቶ መውጣት። ጠረጴዛ ይዞ መዘርጋት የቱሪስት ነገር ነው። እያንዳንዱ ባር የሚታወቅበት አንድ ነገር አለው፤ ለዚያ ተገብቶ ለዚያ ይወጣል። ደግሞ ባንኮኒው ላይ የተደረደረው ለዓይን ነው። ጥሩው ትኩሱ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ የሚታዘዘው።

እኔ የወደድኩት ግን ቀዝቃዛዋን ነው። ሂልዳ ትባላለች። አንድ አንቾቪ የተባለ ትንሽ ጨዋማ ዓሣ፣ አንድ የወይራ ፍሬ፣ ኮምጣጤ ውስጥ የከረሙ ቀጫጭን አረንጓዴ ቃሪያዎች፣ በአንድ ስቴኪኒ። በቃ። ካሳ ባዬስ የሚባለው ባር ውስጥ ተፈጠረች ይባላል። ስሟ የመጣው ሪታ ሄይዎርዝ ከተወነችበት የ1946 ፊልም ነው። ጨዋማ፣ ጎምዛዛ፣ ትንሽ የምታቃጥል። አሳማ የሚባል ነገር በአጠገቧ አላለፈም። በየባሩ እሷን ሳዝ ከቡድናችን አንዱ፣ ካናዳዊ ጡረተኛ፣ «ሌላ ምግብ መኖሩን ነግረውሻል?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

የባልደረባዬ ምክር የገባኝ እዚህ ነው። ባስኮች ባር የሚዞሩት ከልጅነት ጓደኞቻቸው ጋር ነው። ያ ቡድን ኩዋድሪያ ይባላል። አብረው ትምህርት ቤት የሄዱ፣ አብረው ያረጁ ሰዎች ናቸው። ሲወጡ ሁሉም እኩል ያዋጣና ገንዘቡን አንዱ ይይዛል። በየባሩ የሚከፍለው እሱ ነው። «እኔ ልክፈል፣ የለም እኔ» የሚባል ግብግብ የለም። አስጎብኚያችንም ይህንኑ አደረገች። አዋጣን፤ ቦርሳውን ለአንዷ ሜክሲኳዊት ሰጠች። ከሁለተኛው ባር በኋላ ሰው ሁሉ ስም በስም ይጠራራ ጀመር። ብቻዬን ብሆን ሦስት ፒንቾ በልቼ እጠግብ ነበር። ስምንት ሰው ስትሆኑ ግን አንዱ ያዘዘውን ሌላው ይቀምሳል፤ አንድ ምሽት ላይ አስራ ምናምን ዓይነት ይዳረሳል።

መጨረሻ ላይ ላ ቪኛ ገባን፤ 31 ኦገስት ጎዳና ላይ። መንገዱ ስሙን ያገኘው በ1813 የእንግሊዝና የፖርቱጋል ወታደሮች ከተማዋን ካቃጠሉበት ቀን ነው። አሁን ዓለም ሁሉ የሚኮርጀው ላዩ ያረረ የቺዝ ኬክ የወጣው ከዚህች ባር ነው። ሥር ብስኩት የለውም። መሐሉ ሊፈስ ምንም አይቀረው። ስሙ የገነነውን ያህል ጥሩ ነው። ይሄ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

የጉዞው ዋና ነገር የነበረው ግን ቾኮ ነው። ቾኮ የምግብ ማኅበር ነው። አባላቱ ቤት ይከራያሉ ወይም ይገዛሉ፤ ትልቅ ማዕድ ቤትና ረጃጅም ጠረጴዛዎች ይኖሩታል። እያንዳንዱ ቁልፍ አለው። ሲፈልግ ጓደኞቹን ይዞ ይመጣና ራሱ ያበስላል። ከመደርደሪያው የወሰደውን ዘይትና ወይን ራሱ ጽፎ ይከፍላል። ተቆጣጣሪ የለም። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በ1870 እዚሁ ሳን ሴባስቲያን ተመሠረተ። በስፔኑ አምባገነን በፍራንኮ ዘመን ቋንቋቸው ኤውስካራ ከአደባባይ ሲባረር፣ በር ዘግቶ እያበሰሉ በኤውስካራ የሚወራበት ቦታ ይሄ ሆነ።

አባልነቱ ለረጅም ዘመን የወንዶች ብቻ ነበር። ሴት እንግዳ ሆና ብትመጣም ማዕድ ቤቱ ውስጥ አትገባም። ዛሬ ብዙዎቹ ለሴቶችም ከፍተዋል፤ እኛን የተቀበለን ማኅበር ሴት አባላት አሉት። እኔ ግን ነገሩ ሲገርመኝ ዋለ። እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ማጀት ከገባ ይሳቅበታል። እዚህ ደግሞ ወንዱ ማጀቱን ይዞ ሴቲቱን «ውጪ» ይላታል። የትኛው እንደሚያናድድ እስካሁን አልወሰንኩም።

ያስተማሩን ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛ ናቸው፤ መርከበኛ ነበሩ። የሠራነው ባካላዎ ፒል ፒል ነው፤ በጨው የደረቀ የኮድ ዓሣ። የባስክ ዓሣ አጥማጆች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ለኮድና ለዓሣ ነባሪ እስከ ካናዳ ጠረፍ ይሄዱ ነበር። ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ የሚመጣ ዓሣ መቼም ካልደረቀ አይደርስም። ዓሣው ሁለት ቀን ገደማ ውሃ እየተቀየረለት ይዘፈዘፋል። ከዚያ የሸክላ ድስት ውስጥ ብዙ የወይራ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርትና ደረቅ ቃሪያ ለብ ይደረጋል። ነጭ ሽንኩርቱ ሳያር ይወጣል። ዓሣው ይገባል። እሳቱ እንዲያፈላው አይፈቀድም፤ ለስለስ ብሎ ነው የሚበስለው።

ዘይቱ ቀዝቀዝ ሲል ነው ጉዱ የሚጀምረው። ድስቱን በሁለት እጅ ይዞ ክብ ክብ ማዟዟር ነው፤ ሳያቋርጡ። ከቆዳው የወጣው ሙጫ ከዘይቱ ጋር እየተዋሐደ ይወፍራል። ዱቄት የለበትም። ክሬም የለበትም። ዓሣና ዘይት ብቻ ሆኖ እንዲያ ያለ ነጣ ያለ ወፍራም ስጎ ይወጣዋል። እኔ ሳዟዙር ክንዴ ዝሎ ቆም ስል ሽማግሌው ድስቱን በዓይናቸው አሳዩኝ፤ ወሬ የለም፣ ቀጥይ ነው። ከቡድናችን አንድ የሆላንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ በማጥለያ ሲመቱት አይቻለሁ አለ። አዎ፣ እንደዚያ የሚያደርጉ አሉ አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ለሰውዬው እስከ መጨረሻው ድስት አልሰጡትም።

ከዚያ ሲድር ቤት። ይህ ሁለተኛው ደስ ያለኝ ቀን ነው። ሲድር ከአፕል የሚጠመቅ መጠጥ ነው፤ የእነሱ ጣፋጭ አይደለም፤ ይጎመዝዛል። ከሳን ሴባስቲያን ወጣ ብላ ያለችው አስቲጋራጋ ዋናዋ የሲድር አገር ናት። ወቅቱ ከጃንዋሪ አጋማሽ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ነው። ምግቡ በየቤቱ አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ ኮድ ያለበት እንቁላል፣ ከቃሪያ ጋር የተጠበሰ ኮድ፣ ፍም ላይ የተጠበሰ የከብት ስጋ፣ መጨረሻ ላይ ኢዲያዛባል የተባለው የበግ ወተት አይብ ከዋልነት ጋር። መጀመሪያ ላይ የሚቀርበውን የአሳማ ቋሊማ ለጎረቤቴ አስተላለፍኩ።

እየተበላ ድንገት «ቾች!» ተብሎ ይጮኻል። ሁሉም ጉርሻውን ትቶ ብርጭቆ ይዞ ወደ ጓዳው ይሮጣል። እዚያ ቤት የሚያካክሉ የእንጨት በርሜሎች ቆመዋል። ባለቤቱ የአንዱን መክፈቻ ሲነቅል ሲድሩ ቀጥኖ በሩቁ ይፈናጠራል። ተራችሁ ሲደርስ ብርጭቋችሁን አጋድላችሁ ትቀበላላችሁ። ሁለት ጣት ያህል፣ አይበልጥም። ወዲያው መጠጣት ነው። ከኋላ ያለው ሰው ብርጭቆውን ከእናንተ ሥር ይዘረጋል፤ ጠብታ እንዳይባክን። ከዚያ ወደ ጠረጴዛ መመለስ፣ ጥቂት መጉረስ፣ እንደገና «ቾች!»።

ስጋው ሲመጣ ጠረጴዛችን ዝም አለ። ሦስት ጣት የሚወፍር፣ ከነአጥንቱ፣ ላዩ በድንጋይ ጨው የከሰለ፣ ውስጡ ግን ቀይ። ከጥጃ አይደለም፤ ዕድሜ ከጠገበች ላም ነው፤ ጣዕሙም ስቡም ያለው እሷ ላይ ነው ይላሉ። የካናዳዊው ጡረተኛ ሚስት «ይመለስና ትንሽ ይብሰል» ብላ ጠየቀች። አስተናጋጁ ፈገግ ብሎ ሄደ። አልተመለሰም። እኔ ቁርጥ በልቼ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ይሄ ለብለብ ነው። ከአጥንቱ ሥር ያለውን ስቆርጥ አንድ ሽማግሌ ከጎረቤት ጠረጴዛ አየኝና ከየት እንደሆንኩ ጠየቀ። «ኢትዮጵያ» ስል ስለ ቡና ይጠይቀኛል ብዬ ነበር። «ኤልጎይባር!» አለ። ኤልጎይባር በየጃንዋሪው አገር አቋራጭ ሩጫ የሚካሄድባት የባስክ ከተማ ናት። ሯጮቻችን ደጋግመው አሸንፈውባታል። ሰውዬው በጭቃ ውስጥ ሲሮጡ በዝናብ ቆሞ ያያቸው እንደነበር በእጁ ጭምር አሳየኝ።

አንድ ምሽት የሚሽሊን ኮከብ ያለው ሬስቶራንት ተወሰድን። እንደ ሁዋን ማሪ አርሳክና ፔድሮ ሱቢሃና ያሉ አብሳዮች ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የባስክን ምግብ እንዳደሱት አውቃለሁ፤ አከብራለሁም። የእኛዎቹ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ አረፋ አበሉን። ይለፍ።

ሰኞ ጌርኒካ ሄድን። ገበያው ሰኞ ነው፤ ድሮም ሰኞ ነበር። ኤፕሪል 26 ቀን 1937 ኮንዶር ሌጊዮን የተባለው የጀርመን አየር ጦርና የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን የደበደቧትም ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ የሰማሁት «የጣሊያን» የሚለውን ነው። በዲሴምበር 1935 ደሴን የደበደበው የዚያው የሙሶሊኒ አየር ኃይል ነው። ለቡድኑ ነገርኳቸው። ብዙዎቹ አያውቁም ነበር። አስጎብኚያችን ግን ታውቅ ነበር። ከገበያው አንዲት አሮጊት ጋ በገመድ የተሰካ ደረቅ ቀይ ቃሪያ አየሁና ገዛሁ። ቤቴ ወስጄ ሳበስለው ምንም አያቃጥልም። ቀለሙ ብቻ በርበሬ ነው። እነሱ ዘፍዝፈው ሥጋውን ይፍቁና ከሽንኩርት ጋር ለኮድ ስጎ ያደርጉታል፤ ለዚያ ሲሆን ግን ግሩም ነው።

ቢልባዎ አንድ ምሽት ብቻ ነው ያደርነው። ጉገንሃይም የተባለውን የሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1997 ከከፈቱ ወዲህ ከተማዋ ተለውጣለች ይላሉ፤ እኔ ከውጪ አየሁትና ላ ሪቤራ የተባለው የገበያ አዳራሽ ገባሁ። አንድ ተረት እዚያ ሰማሁ። በ1830ዎቹ አንድ ነጋዴ «100 ወይም 120» ኮድ ላኩልኝ ብሎ ጻፈ። በስፔንኛ «ወይም» አንድ ክብ ፊደል ናት። ላኪዎቹ ዜሮ መስላቸው 1,000,120 ላኩለት። ወዲያው ጦርነት መጥቶ ከተማዋ ስትከበብ ያ ሁሉ ዓሣ ሕዝቡን አበላ፤ ነጋዴው ከበረ። ቢልባዎዎች እውነት ነው ብለው ይምላሉ።

ልሄድ ነው ለምትሉ፦ ኩባንያ የግድ አያስፈልጋችሁም፤ ረከስ ያለም አይደለም። አራት አምስት ጓደኛ ይበቃል። ፒንቾ ባር ለሁሉም ክፍት ነው። ሲድር ቤት ቀድሞ ደውሎ መያዝ ይቻላል፤ ሰው ስለሚበዛ ቅዳሜን ተዉት፤ መኪናም አትያዙ። ቾኮ ብቻ ነው አባል የሚያውቅ ሰው የሚፈልገው። አሳማ የማትበሉ ደግሞ እንቁላሉንም ባቄላውንም ጠይቃችሁ ብሉ። «አትክልት ነው» ብለው ካመጡልኝ ሳህን ውስጥ ሁለት ጊዜ የአሳማ ቁራጭ አግኝቻለሁ።