የእማዬ ክንድ፣ ስምንተኛ ወር

ባለፈው እሁድ እማዬ የሀበሻ ቀሚሷን ለበሰች። ለመጻፍ የተነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው። የግራ እጅጌው ክንዷ ላይ እየተቀረቀረ ዓመት ሙሉ ሻንጣ ውስጥ የከረመ ቀሚስ ነበር፤ እሁድ ግን ማንም ሳይጎትተው ገባላት። እሷ መስታወት ፊት ዝም ብላ ቆመች፣ እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ከየት እንደጀመርን ባጭሩ ልንገራችሁ። እማዬ ለጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ስታደርግ ከብብቷም የሊምፍ ዕጢዎች ወጡላት፤ ሲያብጡ ንፍፊት የምንላቸው ማለት ነው። ሊምፍ ደግሞ ከደም ሥር ወጥቶ በራሱ ቧንቧ ወደ ደም የሚመለሰው ውሃ ነው። ጨረርም ወስዳለች። ከዓመት በኋላ ሊምፉ መውጫ አጥቶ ግራ ክንዷ ማበጥ ጀመረ። በጣት ሲጫኑት ጎድጎድ ብሎ ይቀር ነበር። አንዲት ፊዚዮቴራፒስት እብጠቱን የሚያጎድለውን አስተሻሸት አራት ቀን አሳየችኝ፣ እኔም ደብተር ላይ እየሣልኩ ተማርኩ። ከክርኗ 10 ሴንቲሜትር ዝቅ ብዬ በልብስ ሰፊ ሜትር ስለካ ቀኙ 24፣ ግራው 29 ነበር።

ሦስት ወር ሙሉ ያንገላታኝ የእጄ ክብደት ነው። አያቴ በሰፈሩ የታወቀች ወጌሻ ነበረች። እኔም ማሸት ማለት በቅቤ ለውሶ፣ አውራ ጣትን ሰክቶ፣ ሥሩን እስኪያገኙት ድረስ መጫን ነው ብዬ ነው ያደግሁት። እማዬም እንደዚያው። ቀለል አድርጌ ስጀምር «ምነው፣ በላባ ነው እንዴ የምታሺኝ? ጠንከር አድርጊው እንጂ!» ትለኛለች። እኔም እሺ ብዬ ጠንከር አደርጋለሁ። ክንዷ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ሁለታችንም የሠራን ይመስለናል። ማታ ስለካው 29። በሦስተኛው ወር መጨረሻ 28 ተኩል ነበር፣ እሱም በማግስቱ ተመለሰ።

ተስፋ ቆርጬ ወደ ፊዚዮቴራፒስቷ ሄድኩ። ምንም ሳትናገር ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና እኔኑ አንገቴ ላይ ሠራችልኝ። መቼ ነው የምትጀምረው እያልኩ ስጠብቅ ጨርሳ እጇን አነሳች። የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሊምፍ የሚቀዳባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች የሚጀምሩት ከቆዳው ሥር ነው፣ ጡንቻ ውስጥ አይደለም። ስንጫን እነሱን እንደፈጥጣቸዋለን፤ ቦታው ሲቀላና ሲሞቅ ደግሞ ደም ይበዛበታል፣ ከደም ሥር የሚወጣው ውሃም ይጨምራል። ለካ እብጠቱን ስመግበው ነው የከረምኩት።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ቅቤም ቅባትም የለም፣ ምክንያቱም እጅ መንሸራተት የለበትም። ጣቶቼን ዘርግቼ አሳርፋለሁ፣ ቆዳውን ብቻ እስከሚሄድበት ድረስ ቀስ ብዬ እወስደዋለሁ፣ ከዚያ እለቀዋለሁ። በራሱ ይመለሳል። መልቀቁ የሥራው ግማሽ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ክብደቱን ለመልመድ የጠቀመኝ የፈላ ወተት ነው። ሲቀዘቅዝ ከላዩ የሚይዘውን ስስ ሽፋን ሳልቀድ በጣቴ ወዲያና ወዲህ ማንቀሳቀስ ተለማመድኩ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት። ፍጥነቱም እንደዚያው ዝግ ያለ ነው። የሊምፍ ቧንቧ አርፈን ሳለን በራሱ የሚኮማተረው በደቂቃ ከ6 እስከ 10 ጊዜ ገደማ ብቻ ስለሆነ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ቅደም ተከተሉም መጀመሪያ ግራ ያጋባል፤ ያበጠው ክንድ የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው። በክረምት የተደፈነ ቱቦ ከመውጫው በኩል ካልተጠረገ ከላይ ቢቆፍሩት ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ መጀመሪያ ከአንገት ሥር ያለችውን ጎድጓዳ ቦታ፣ ሊምፉ ወደ ደም ሥር የሚገባባትን ማለት ነው፣ ቀጥሎ ደህናውን የቀኝ ብብት፣ ከዚያ ደረቷን አቋርጬ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ የግራ ክንዷን ከትከሻ ጀምሮ ወደ ታች እየወረድኩ እሠራለሁ። ክንዱ ላይ የእያንዳንዱ እንቅስቃሴ አቅጣጫ ግን ሁሌም ወደ ላይ፣ ወደ ትከሻ ነው።

ይህን የሊምፍ ማሸት ዘዴ ያወጡት ዴንማርካውያኑ ባልና ሚስት ኤሚልና ኤስትሪድ ቮደር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ሲሠሩ ጀምረውት በ1936 ፓሪስ ላይ አቀረቡት። ዛሬ በስሙ የሚሸጠውን ሳይ ግን እናደዳለሁ። «ስብ ያቀልጣል፣ መርዝ ያወጣል» እያሉ በእንጨት መዳመጫ ሆድ የሚያሹ ቪዲዮዎችን አትመኑ። ስብ በማሸት አይቀልጥም። መርዝ የሚያጣራው ጉበትና ኩላሊት ነው። የታመመ ሰው ለፋሻ የሚያስፈልገውን ብር እዚያ ላይ ሲጨርስ ማየት ያማል።

አዎ፣ ፋሻ። ማሸቱን እወደዋለሁ፣ እማዬም እንቅልፍ የሚወስዳት ያኔ ነው። ክንዷን ያጎደለው ግን በአብዛኛው ፋሻው ይመስለኛል። በቀይ አፈር በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት እንኳ አገራችን ውስጥ የሚታከመው በዋናነት በመታጠብ፣ በቅባት፣ በፋሻና በጫማ ነው። ለእኛ የታዘዘልን ብዙ የማይለጠጠው ዓይነት ነው፤ ከሥሩ ጥጥ ይነጠፋል፣ እጅ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ሲሄድ ላላ ይላል። እውነቱን ለመናገር በየቀኑ አላስርላትም። በክረምት ታጥቦ አይደርቅም፣ ሁለተኛ ጥንድ የገዛሁትም ዘግይቼ ነው። አንዳንድ ቀን ደግሞ ደክሞኝ እተወዋለሁ። እናንተ ግን ከመጀመሪያው ሁለት ጥንድ ግዙ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ባልፍ ህሊናዬ አያርፍም። በአራተኛው ወር ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላ ጣቷን ነካት። በሁለተኛው ቀን ክንዷ ቀላ፣ ጋለ፣ ብርድ ብርድ አላት። እኔም እብጠቱ ተነሳ ብዬ አሸኋት። የቆዳ ኢንፌክሽን ነበር፤ አንቲባዮቲክ ታዘዘላት፣ ሐኪሙም እስኪድን እንዳልነካት አስጠነቀቀኝ። ቀልቶ የሚሞቅና ትኩሳት ያለው ክንድ አይታሽም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ደም የረጋበት ወይም ልቡ የደከመ ሰውም ሐኪም ሳይፈቅድ አይታሽም። ትንሿን ቁስል ወዲያው በሳሙና እጠቡ።

ትናንት ማታ ስለካ 26 ነበር። የእጇ ጀርባ ግን አሁንም እንዳበጠ ነው። ጣቶቹን ለየብቻ የሚጠቀልል ቀጭን ፋሻ መርካቶ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም፤ ለጊዜው የጎዝ ፋሻ ለሁለት አጥፌ እየሞከርኩ ነው፣ ግን እስከ ማታ ይላላል። ያገኛችሁ ካላችሁ የት እንደሆነ ንገሩኝ።