ገልብጠህ እይ፦ የጀርመን መኮንኖች ኮፍያ ፍለጋ ከበርሊን እስከ ሲኔ

ቅዳሜና እሁድ በርሊን ውስጥ በጁን 17 ጎዳና የሚዘረጋው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ለጀማሪ ኮፍያ ሰብሳቢ ጥሩ መማሪያ ነው። እዚያ ያየሁት በአብዛኛው የምሥራቅ ጀርመን ሠራዊት ኮፍያ ነበር፤ ግራጫ ሱፍ፣ የብር ቀለም ያለው የአገጭ ገመድ፣ መዶሻና ኮምፓስ ያለበት ዓርማ። ሠራዊቱ በ1956 ተቋቁሞ በ1990 ስለፈረሰ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዕቃው በገፍ ገበያ ላይ ወጥቷል፤ ውድ የሚሆንበት ምክንያት የለም። አንዱ ሻጭ ግን «የጄኔራል ነው» ብሎ 90 ዩሮ ጠራ። የጄኔራል ገመድ ወርቅማ ነው፤ እሱ የያዘው ብርማ ነበር። ይህን ስነግረው ኮፍያውን ከእጄ ነጠቀኝ። ሦስት ጠረጴዛ አልፌ ያንኑ ዓይነት በ30 አገኘሁ። ዋጋ መጥራት የንግድ ደንብ ነው፣ አያስቀይምም፤ ማዕረግ መዋሸት ግን በጣም ያናድዳል።

ድሬስደን በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ያደርኩበት ርካሽ ማደሪያ መስኮቱ አልገጥም ብሎ ሌሊቱን ሙሉ የትራም ጩኸት ስሰማ አደርኩ። የጀርመን ጦር የወታደራዊ ታሪክ ሙዚየም ግን ድካሙን አስረሳኝ። የ1870ዎቹን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት አርክቴክቱ ዳንኤል ሊበስኪንድ በብረት ሽብልቅ ሰንጥቆታል፤ ሕንፃው እንደገና የተከፈተው በ2011 ነው። ረቡዕ ዝግ ስለሆነ ቀኑን አስቀድሞ ማየት ይበጃል። ሊገዛ የሚነሳ ሰው አስቀድሞ እዚህ መጥቶ የትክክለኛውን ጨርቅ ቀለምና የገመዱን አጎነጓጎን ዓይኑን ማስለመድ አለበት።

እኔ በዋናነት የምፈልገው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ኮፍያ ግን የናዚን ምልክት፣ ስዋስቲካን የያዘ ንስር አለበት። ጀርመን ውስጥ ስዋስቲካ ያለበትን ዓርማ በአደባባይ ማሳየት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 86ሀ ያስቀጣል፤ ለትምህርትና ለምርምር ካልሆነ በቀር። ሻጮች ምልክቱን በወረቀት የሚሸፍኑት ለዚህ ነው። ሕጉ ትክክል ነው እላለሁ። በዚያ ንስር ስር ስድስት ሚሊዮን አይሁዶች ተገድለዋል፤ ይህን ረስቶ በኮፍያው ውበት ብቻ የሚደነቅ ሰው ባይሰበስብ ይሻላል። የኤስኤስ (የናዚ ፓርቲ የታጠቀ ድርጅት) ኮፍያ ደግሞ ፈጽሞ አልነካም፤ ከዚህ ሌላ ፎርጅድ እንደ እሱ የበዛበት ዕቃ የለም።

ከዚያ አገር አቋርጬ ወደ ቤልጂየም ተሻገርኩ። ሲኔ ከናሙር ቀጥላ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት፤ የወታደራዊ ዕቃዎች ትርኢቷ ግን በአውሮፓ ሰብሳቢዎች ዘንድ ዝነኛ ነው። በጠዋት መግባት ያስፈልጋል፤ ደህና ደህናው ዕቃ ገና ሳይረፍድ ከሻጭ ወደ ሻጭ ይተላለፋል።

ሽሮ ሜዳ ጥበብ የሚገዙ እናቶች ጨርቁን ገልብጠው ጀርባውን እንደሚያዩት፣ ኮፍያም መጀመሪያ ተገልብጦ ነው የሚታየው። ገበሩ መሐል ላይ ሰያፍ አራት ማዕዘን ሴሉሎይድ አለ፤ ከሥሩ የሠሪው ስም ይኖራል፤ ለምሳሌ የበርሊኑ ኤሬል ወይም የቩፐርታሉ ፔኩሮ። ስም ማተም ቀላል ስለሆነ በስም ብቻ አትመን። ላብ የሚቀበለውን የቆዳ ቀለበት በቀስታ ወደ ውጭ መልሰህ ከጀርባው ያለውን ተመልከት። የንስሩና የኮካርዱ (ከንስሩ በታች ያለው ክብ ባለቀለም ዓርማ) የብረት እግሮች ጨርቁን በስተው እዚያ ይታጠፋሉ። ለአንድ እግር አንድ ቀዳዳ ብቻ መኖር አለበት፤ ትርፍ ቀዳዳ ካለ ዓርማው ተቀይሯል። እግሮቹ ለዓመታት የተጫኑበት ቦታ ላይም ጠባሳ ይታያል። ቆዳው አርጅቶ ስፌቱ ብቻ አዲስ ከሆነ ኮፍያው ተፈትቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ በአናቱና በመቀነቱ ጠርዝ የሚዞሩትን ሦስት ባለቀለም ክሮች እይ። በምድር ጦር ነጭ የእግረኛ፣ ቀይ የመድፈኛ፣ ወርቃማ ቢጫ የፈረሰኛ፣ ሮዝ የታንከኛ፣ ጥቁር የመሐንዲስ ነው። ሮዙ ከነጩ ብዙ እጥፍ ስለሚሸጥ ነጩን ነቅለው ሮዝ የሚሰፉ አሉ። ስፌቱን በጥፍርህ ትንሽ ከፈት አድርግ፤ ብርሃን ያላገኘው የውስጡ ቀለም ከውጭው ደመቅ ማለት አለበት። ውስጡም ውጭውም እኩል ከደበዘዘ ሆን ተብሎ በኬሚካል የደበዘዘ ነው።

የብር ገመዱ ብቻውን መኮንንነትን አያረጋግጥም። የተራው ወታደር ኮፍያ ጥቁር የቆዳ ማሰሪያ ነበረው፤ በሁለቱ የጎን ቁልፎች የሚያዝ ስለሆነ በደቂቃዎች ይቀየራል። ከምላሱ (ከግንባር ፊት ወጣ ብሎ ዓይንን ከሚያጠላው ክፍል) በላይ፣ መቀነቱ ላይ፣ ሰፊ የቆዳ መፋተጊያ ምልክት ካየህ ገመዱ በኋላ የመጣ ነው። በ1934 የመጣው ለስላሳ የመስክ ኮፍያም ብዙ ይጭበረበርበታል። እውነተኛው የሚተጣጠፍ ምላስ አለው፤ የአናት ሽቦ፣ ገመድና የጎን ቁልፍ የለውም። ስለዚህ ከተለመደው የመኮንን ኮፍያ ላይ ሽቦውን አውጥተው ገመዱን ቆርጠው የሚሸጡትን የቁልፎቹ ቀዳዳ ያጋልጣል።

አልትራቫዮሌት ባትሪ መያዝ ጥሩ ነው፤ ስፌቱ ሰማያዊማ ነጭ ሆኖ ካበራ ክሩ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ነው ብለህ ተጠራጠር። ባይበራ ግን ዋስትና አይሆንም፤ አሮጌ ክር የሚጠቀሙ አሉ።

ነጭ ክር ያለው የእግረኛ መኮንን ኮፍያ ላይ ስደርስ ሻጩ፣ ፈረንሳይኛ ብቻ የሚናገሩ ሽማግሌ፣ የቆዳውን ቀለበት ራሳቸው መለሱልኝ፤ የገዛ ማጉያ መነጽራቸውንም አቀበሉኝ። በአናቱ ላይ የብል ቀዳዳ እንዳለ እኔ ሳልጠይቅ በጣታቸው አሳዩኝ። 650 ብለው በ580 ተስማማን። የሚደብቀው የሌለው ሻጭ ኮፍያውን ገልብጦ ይሰጥሃል፤ «አትንካ» ካለህ ዕቃው የቱንም ያህል ቢያምር ጥለህ ሂድ።

ስትመለስ ኮፍያውን በእጅህ ያዝ፤ ሻንጣ ውስጥ ከገባ የአናቱ ሽቦ ይጣመማል። አናቱን አሲድ በሌለው ወረቀት ሞልተህ ምላሱ ምንም በማይነካበት ሰፊ ካርቶን ውስጥ አስቀምጥ። ብል የነካውን በታሸገ ላስቲክ ከሌሎቹ ለይ። በማቀዝቀዣ ብል መግደል ለሱፍ ልብስ ይሠራል፤ የኮፍያው ምላስ ግን ቀለም የተቀባ ስለሆነ ቅዝቃዜው ሊሰነጥቀው ይችላል። የቆዳውን ቀለበት የጫማ ቀለም አታስነካው፤ ቅባቱ ወደ ገበሩ ይዘልቅና ሐሩን ያበላሸዋል።