ቁስሉ ሳይሽር ሂጂ

ባለቤቴ የቱሪስት መኪና ሹፌር ነበር። በ2012 መጋቢት ኮሮና ገባ ሲባል ፈረንጅ ጠፋ፣ እሱም ቤት ዋለ። ከዚያ በፊት እጁን አንስቶብኝ አያውቅም ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ሁለቴ መትቶኛል። ያኔ ግን ጠዋት ወጥቶ ማታ ነበር የሚገባው፤ እስኪመሽ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ቤት ከዋለ በኋላ የማልቀሻ ሰዓትም አጣሁ።

ፋሲካ በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ የዘይት ብር ስጠይቀው ግራ ዓይኔ ሥር መታኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆለፍኩና ለእህቴ ደወልኩ። ኮንዶሚኒየማችን ውሃ ከሄደ አራት ቀን ሆኖታል፤ ድምፄን የሚሸፍንልኝ ቧንቧ እንኳ አልነበረም። ያኔ ስልኩ ሳይጠራ በፊት ያ የኮሮና መልዕክት ይመጣ ነበር አይደል? እጅ ስለ መታጠብ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ።

እህቴ «አሁኑኑ ነይ» አለች። እኔ ሞኟ ሽማግሌዎቹን ሰማሁ። «ሥራ የፈታ ወንድ ነው፣ ቻይው። ዳግማይ ትንሣኤ ይለፍና እንነጋገራለን» አሉ። እኔም ቻልኩ። መሰብሰብ ተከልክሎ፣ ዳግማይ ባለፈ በቀጣዩ እሁድ ስድስት ሆነው መጡ። ቡና አፈላሁላቸው። እሱ ጉልበታቸውን ስሞ ይቅርታ ጠየቀ፣ ማታ ደግሞ «አዋረድሽኝ» ብሎ አላስተኛኝም።

ሰኞ ልጄን ይዤ እህቴ ጋ ገባሁና ጣቢያ ሄድኩ። ፖሊሱ ከርቀት «ማስክሽን አውርጂ» አለኝ። አወረድኩ። «ይሄ ነው?» የቀረው ቢጫ ነገር ብቻ ነበር። «ምስክር አለሽ?» ቤት ውስጥ ማን ይመሰክራል? «ፍርድ ቤቱም በከፊል ዝግ ነው፣ ብትታረቁ ይሻላል።» ሐኪም ቤት ደግሞ ያለ ጣቢያ ደብዳቤ ማስረጃ አንሰጥም አሉኝ። ጣቢያ ስመለስ፣ ደብዳቤውን የሚፈርመው ሰው ተረኛ አይደለም፣ ነገ ነይ። ነገ ሄድኩ። ከነገ ወዲያም ሄድኩ። በመጨረሻ ሐኪም ቤት የተሰጠኝ ወረቀት ላይ «የሚታይ ጉዳት የለም» ይላል። ያቺን መስመር ዛሬም በቃሌ እላታለሁ። ሚስት መምታት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 እንደሚያስቀጣ ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ከሴት ሕግ ባለሙያዎች ማህበር ነጻ ምክር ሳገኝ።

ስለዚህ የእኔን ስሚ። «ለፖሊስ አመልክቺ» ይሉሻል፤ ልክ ነው፣ ግን መጀመሪያ ፊትሽን ፎቶ አንሺ፣ ለምታምኛት ሴት ላኪ፣ ከስልክሽ አጥፊ። ጣቢያ ብቻሽን አትሂጂ። እህቴ አብራኝ በሄደችበት ቀን ነው ደብዳቤው የተፈረመው። ሽማግሌ ካስፈለገ ከሐኪም ወረቀት በኋላ ይምጣ።

ፍቺው በዓመቱ አለቀ። እንቅልፌ ግን አልተመለሰም። እህቴ ቤት ሆኜም ቁልፍ በር ላይ ሲዞር ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ሐኪሙ ድባቴ ነው አለኝ፣ እናቴ ጸበል አለች፣ ሁለቱንም ያዝኩ። አንድ ጊዜ ጸበሉ ይበቃል ብለው መድኃኒቱን አስተዉኝ፣ በሁለት ሳምንት ተመልሼ ወደቅኩ። ጸበል ሂጂ፣ ክኒንሽን ግን ለማንም ብለሽ እንዳታቋርጪ።

የእህቴ ባል ነገሩን ሲረዳ፣ ቁልፉን ከማስገባቱ በፊት «እኔ ነኝ» ማለት ጀመረ። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው የሚገባው።